አራት ወንበር፣ ስድስት ቅዳሜ

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ስድስተኛው ቅዳሜ በዋለ ማግስት

ለምስማሬ፣ ለአንድ ልጄ፤

ይህን ደብዳቤ በቁጣ ልጀምረው ነበር። አክስትሽ ከትከሻዬ በላይ አጮልቃ ስታነብ «ሰላምታ ሳያስቀድም የሚቆጣ አባት የት አገር አለ?» ብላ እስክሪብቶውን ልትነጥቀኝ ደረሰች። እሺ ይሁን፤ እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካላቴ በየቦታው አለ። አክስትሽም ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው። አሁን ወደ ፎቅ ቤቷ ስለወጣች ወደ ቁጣዬ ልመለስ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ዓርብ ነው። የእንጨት ሥራ ቤትሽን እንደዘጋሽ፣ ሠራተኞችሽን እንዳሰናበትሽ፣ መሣሪያሽን በሙሉ በወሩ መጨረሻ ገዢ መጥቶ እንደሚወስደው፣ ከዚያም ወደ ነርስነትሽ እንደምትመለሺ ጽፈሽልኛል። እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ አነበብኩ። ከስምሽ በላይ ግን አንዲት መስመር ጣል አድርገሻል፤ «አባዬ፣ ያኔ አንተ ልክ ነበርክ» ትላለች።

ልጄ፣ ይህችን መስመር አምስት ዓመት ሙሉ ጠብቄአታለሁ። ሆስፒታሉን ለቀሽ አናጢ ልሁን ብለሽ ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ «አንድ ቀን ትለኛለች» እያልኩ ኖሬ፣ ስትመጣ አልጣመችኝም። ምክንያቱም ልክ አልነበርኩም። ልክ እንዳልነበርኩ ያወቅሁት ደግሞ ደብዳቤሽ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እንዴት እንዳወቅሁት ልንገርሽ። ረጅም ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ግን ጨርሺው።

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ወር ሊሆነኝ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለሁለት መቶ አሥር የሆስፒታል አልጋ ያበሰለ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ለመሰናበቻ የሰጡኝን የግድግዳ ሰዓት ሳይ እውል ነበር፤ እሱም በሦስተኛው ወር ቆመ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእናትሽም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ነግሬአት አላውቅም። አንቺ ነርስ ሳለሽ ትሪውን የምታዪው ወደ በሽተኛው ሲሄድ ነው፤ እኔ የማየው ሲመለስ ነበር። ከምሳ በኋላ ጋሪው ወደ ኩሽና ሲገባ በሩ አጠገብ ቆሜ የተረፈውን አያለሁ። ግማሽ ሾርባ። ያልተነካ ድንች። «አመም ያለው ሰው ምን ይበላል» እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው «ድገመኝ» ብሎኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ አንድ ጤነኛ ሰው አንድ ቀን ሳህኑን ዘርግቶ ድገመኝ እንዲለኝ ብቻ።

አክስትሽ ይህን ከፊቴ ላይ አንብባው ይሁን ወይም ሥራ መፍታቴ እሷን አሰልችቷት፣ ብቻ ጥጉ ላይ ያለውን ባዶ ሱቅ አግኝታ መጣች። «ምግብ ቤት ክፈት!» ስምንት ጠረጴዛ ይይዛል። ቁልፍ ተቀብዬ ገባሁ። መሃሉ ላይ ቆሜ ስምንቱን ጠረጴዛ በሐሳቤ ደረደርኩ፤ ሠላሳ ሁለት ሰው ተቀምጦ እኔን ሲያየኝ ታየኝ። ሁለት መቶ አሥር ሰው የቀለብኩ ሰውዬ ሠላሳ ሁለት ሰው ፈራሁ! ግን አስቢው እስቲ፤ በሽተኛ ምግቡ ባይጥመው የሚሄድበት የለውም፣ ጤነኛ ግን እግር አለው። ቁልፉን ባለቤቱ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ መለስኩለት። አክስትሽም «ወንድሜ በስተርጅናው ድስት ፈራ» ብላ ለሕንፃው ሁሉ አወራችልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የቆመውን ሰዓት ይዤ ምድር ቤት ወዳለው ሰዓት ሠሪ የወረድኩት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የመጣ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ነጭ ጨርቅ ዘረጋ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ ከሰዓቱ አንድ ብሎን ብቻ ፈትቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠና ውስጡን ያይ ጀመር።

«ምነው፣ ሁሉንም አትፈታውም እንዴ?» አልኩት።

«የማላውቀውን ሰዓት አንድ ብሎን ነው የምፈታው ጋሼ። አያለሁ። ካላማረኝ መልሼ አስራለሁ። ሁሉን ባንዴ የበታተነ ሰው መልሶ ለመግጠም ዕድሜ አይበቃውም።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለትህ ነዋ!» ስለ እንቁላል ከእኔ የሚበልጥ አዋቂ የለም፤ በቀን ሁለት መቶ እየቀቀልኩ አንድም ሲራመድ አላየሁም። ቢሆንም ተረት ተረት ነው።

«ስለ እንቁላሉ እንኳ አላውቅም» አለ ከሰዓቱ ላይ ቀና ሳይል። «መልሰህ ማሰር የምትችለውን ብቻ ፍታ ነው የምለው።»

ቤቴ ገብቼ ብሎኔን መረጥኩ። አራት ወንበር። ስድስት ቅዳሜ፣ ምሳ ብቻ። ገንዘብ የሚባል ነገር የለበትም፤ የበላ ሰው ስለ ምግቡ አንድ እውነት ተናግሮ ይሄዳል። እስከ ስድስተኛው ቅዳሜ ድገመኝ የሚል ከጠፋ ድስቱን አጥቤ እሰቅላለሁ፤ ማንም አልከሰረ፣ ማንም አልተዋረደ። ለአንቺ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ትገምቺዋለሽ። ብወድቅ እንዳታዪኝ ነው። ልጅ አባቷ ሲወድቅ ማየት የለባትም የሚል ጅል ኩራት አለብኝ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

የምግብ ጠረጴዛችንን ከእናትሽ ሞት በኋላ ለአክስትሽ ስለሰጠኋት፣ ከበረንዳው ያንቺን ጠረጴዛ አስገባሁ። አዎ፣ ያንኑ፤ የነርስነት ትምህርትሽን ልትጨርሺ አንድ ወር ሲቀርሽ ከአሮጌ የበር ሳንቃ የሠራሽውን። በረንዳው ላይ ስለሚወዛወዝ «ሰካራሙ» ብዬ ስም ያወጣሁለትን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳየሁ ያሳቅሁበትን። ከአንዱ እግሩ ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ ካርቶን ነበረ፤ እሱንም አብሬ አስገብቼ እዚያው እግሩ ሥር ሸጎጥኩለት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንግዶች አክስትሽ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የአውቶቡስ ሹፌርና እትዬ ጠመኔ ነበሩ። እትዬ ጠመኔን መቼም አትረሻቸውም፤ ማባዛት ያስተማሩሽ፣ ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት አልፏቸውም ሰው ሲሳሳት ጣታቸውን የሚያነሡት። ለአራት ሰው ስንት ካሮት እንደሚበቃ አላውቅማ፤ እጄ በለመደው ግማሽ ጆንያ ገዛሁ። የአትክልት ሾርባ ሠራሁ፣ ቀጥሎም የተጠበሰ ዶሮ ከድንች ጋር። ነጭ ልብሴን ለብሼ አቀረብኩና እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

ማንኪያ ይሰማል፤ ሰው አይሰማም። ሹፌሯ ግማሹን ትታ «እጅህ ይባረክ ጋሼ» አለችኝ፤ ሰዓት ሠሪው ዶሮውን በሹካ እያገላበጠ ይመረምራል። አክስትሽ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እትዬ ጠመኔ ጣታቸውን አነሡ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ይጠይቁ እትዬ።»

«ከመካከላችን የታመመው ማነው?»

አራቱንም ተራ በተራ አየኋቸው።

«ሁላችንም ደህና ነን እኮ! ታዲያ ጨው የከለከለን ሐኪም የታለ?»

አክስትሽ የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው። እኔም ቀመስኩት፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ምን እንደጎደለ ምላሴ አልነገረኝም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጨው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ከቁም ሣጥን እየወጣለት ያበሰለ እጅ ጨው መጨመር ረስቷል፤ ምላሴም ያንኑ ለምዶ ደንዝዟል። ቤት ውስጥ ደግሞ እናትሽ ኩሽናዋን አስነክታኝ አታውቅም። «አንተ በሥራ ቦታህ ይበቃሃል» ትለኝ ነበር፤ ለካ ሴትዮዋ ታውቅ ኖሯል! ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይባላል፤ የእኔ ሾርባ ግን ሊጣል የሚችል ድንጋይ እንኳ አልነበረውም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተበቀልኩ። ሹፌሯ አንድ ማሰሮ ውሃ ብቻዋን ጨረሰችና «ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ በየፌርማታው ውሃ ልጠጣ ነው» አለችኝ። እትዬ ጠመኔ «ሁለቱን ቅዳሜ ደምረህ ለሁለት አካፍል» ብለው የቤት ሥራ ሰጡኝ። ተሳሳቅን። አየሽ፣ ይህ ሁሉ ስሕተት ስምንት ጠረጴዛ ባለው ሱቅ ቢፈጸም ኖሮ ስሜ በሰፈሩ ጠፍቶ በሩን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። በአራት ወንበር ግን ሳቅ ሆኖ ቀረ፤ ሳምንት ጠብቄ እንደገና ሞከርኩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ምግቡ ደህና ነበር። «ይበላል» አሉ እትዬ ጠመኔ፤ ከሳቸው አፍ ሲወጣ ይህ ሽልማት ነው። ሰዓት ሠሪው ግን ምግቡን ትቶ ጠረጴዛውን ያያል። ማንኪያው ወደ ሹፌሯ እየተንሸራተተ ሦስት ጊዜ መልሶታል። የተጣመመ ነገር አይቶ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው። በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቆ ተንበረከከና ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄን ካርቶን ማነው ያደረገው?»

«እኔ ነኛ። ሰካራም ነው፤ ያለ ካርቶን አይቆምም።»

ካርቶኑን መዘዘው። ተነሥቶ ከደረት ኪሱ ከኩሽኔታ የወጣች ትንሽ የብረት ኳስ አወጣና ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጣት። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ጠርዙ ወሰዳት፤ እዚያም ቆመች። በአራቱም ማዕዘን ሞከራት። ሁላችንም መብላት አቁመን ኳሷን እናያለን።

«ይሄ ጠረጴዛ ውሃ ልክ ነው። ማነው የሠራው?»

«ልጄ ናት» አልኩ።

«መጀመሪያ የት ነበር የተቀመጠው?»

በረንዳውን አሳየሁት። ወጥቶ ኳሷን ወለሉ ላይ አኖራት። ተንከባልላ ውሃ መውረጃው ጋ ሄዳ ቆመች። «በረንዳ ተዳፋት ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ» አለኝ። «ጠረጴዛው ምንም አልሆነ ጋሼ። ወለልህ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ጠመኔ ጣታቸውን ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ምስማርዬ እኮ ከልጅነቷም ትጠነቀቅ ነበር» አሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው እየሰበሰብኩ የሳቅሁበት ሥራሽ ቀጥ ያለ ነበር፤ ያጣመመው የእኔ ካርቶን ነው። ያን ቀን ሳህን ሳጥብ ብዙ ቆየሁ። የማስበው ስለ ጠረጴዛው ብቻ አልነበረም።

አራተኛው ቅዳሜ ዓሣ አረረብኝ፤ ሌላ ወሬ የለውም። ጭሱን ያየው የሕንፃው ጥበቃ እሳት የተነሣ መስሎት ባልዲ ይዞ እየሮጠ መጣ። ካረረው ውስጥ የተረፈውን አቀረብኩለት፤ ወንበር ስላልነበረ ሳህኑን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ቆሞ በላ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ባልዲውን ግን ትቶታል።

ቀጥሎ ዓርብ ደብዳቤሽ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ኪሴ ውስጥ ከትቼው ምድጃው ፊት ቆምኩ። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ሽንኩርቱን የከተፍኩት ደመኛውን እንዳገኘ ሰው ነው። ምስር ሾርባ ነበር። ስንት ጨው እንደጨመርኩ አልለካሁም፤ እንግዶቹ ምን ይሉኛል ብዬም አልተጨነቅሁም፤ አንቺን ብቻ ነበር የማስበው። መሣሪያዋን ለማን ልትሰጥ ነው? መላጊያውን የሚገዛው ሰውዬ አያያዙን ያውቃል? እንዲህ እያልኩ ቀድቼ አቀረብኩላቸው። አንገታቸውን ሳህኑ ላይ ደፉ። «በቃ፣ ደግሞ አበላሸሁት» ብዬ ወደ ኩሽና ዞር ስል ከኋላዬ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ ሲል ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ እትዬ ጠመኔ። «ድገመኝ እንጂ፤ ወዴት ትሄዳለህ?»

ልጄ፣ ጭልፋውን በእጄ ይዤ ጭልፋ ፈለግሁ። መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ። አክስትሽ መጥታ «እጅህ ላይ ነው ወንድም ዓለም» አለችኝ፤ ሳትስቅብኝ። ለእትዬ ጠመኔ ደገምኩላቸው። ሹፌሯም ድገመኝ አለች፤ ሰዓት ሠሪው ሳይናገር ሳህኑን ዘረጋ፤ ጥበቃው የድስቱን ቂጥ በዳቦ ጠረገው። ያን ቀን ኮራሁ። እንዴት ያለ ኩራት መሰለሽ! አንገቴ አንድ ስንዝር የጨመረ መሰለኝ፤ በኮሪደሩ ሳልፍ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሰላም አልኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ለልጄ ልንገራት» የሚል ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ያገኘሁት አንቺ «ልክ ነበርክ» ያልሽኝን ወረቀት ነው።

ትናንት ስድስተኛው ነበር። ከምሳ በኋላ አክስትሽ የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አሁንስ ምን ምክንያት አለህ? ሰዉ ወዶልሃል።»

«አሁንም አልገባም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«አምስት ወንበር ልሆን ነው» አልኳት። ሰዓት ሠሪው ከት ብሎ ሳቀ፤ እንዲህ ሲስቅ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ግን ቁልፉን እያንቀጫቀጨች «አምስት! አምስት!» እያለች ደረጃውን ወጣች።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እኔ የሱቁ ባለቤት ሻዩን እስኪጨርስ እንኳ ያልቻልኩትን ነገር አንቺ ሁለት ዓመት ችለሽዋል። ባዕድ አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ስድስት ሠራተኛ ይዘሽ፣ ትልልቅ ማሽን አስገብተሽ። ቢዘጋም ችለሽዋል። እኮራብሻለሁ። ይህን ቃል በአፌ ብዬልሽ አላውቅም፤ በጽሑፍ ሲሆን ይቀለኛል መሰለኝ፤ ልድገመው፣ እኮራብሻለሁ። የከበደሽ አናጢነቱ አይደለም፤ ሁሉንም ብሎን ባንዴ መፍታትሽ ነው። ለምን እንደፈታሽውም አውቃለሁ። አንድ ወንበር ሠርተሽ ፎቶውን ብትልኪልኝ እንደምስቅ ታውቂ ነበር። አባቴ የማይስቅበትን ያህል ትልቅ ነገር ላሳየው ብለሽ ነው ያን ሁሉ የተሸከምሽው። ትንሹን ነገር ትንሽ ሆኖ እንዲያድግ ያልፈቀድኩልሽ እኔ ነኝ።

የሄድሽ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ምን እንዳልኩሽ ሁለታችንም አልረሳንም። «ምስማር እጅሽን ቢወጋሽ ለእኔ እንዳትነግሪኝ» ነው ያልኩሽ። አንቺም ቃል አክባሪ ነሽ፤ አልነገርሽኝም። በአምስት ዓመት ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ አየሩ አለ፣ ስለ አከራይሽ ድመት አለ፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት አለ፤ ስለ እጅሽ አንድ ቃል የለም። አውራ ጣትሽ ሁለት ጊዜ መሰፋቱን የሰማሁት ከአክስትሽ ነው፣ ደረጃ ላይ ቆመን፣ ያውም እኔ የማውቅ መስሏት። እንደማውቅ ሆኜ «አዎ፣ አዎ» አልኳት። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማታ ምግብ አልበላሁም። ያን ቃሌን አንሥቻለሁ። እጅሽን ብትወጊ ንገሪኝ። ባትወጊም ንገሪኝ።

እንግዲህ እንደ አባት አላዝሽም፤ እንደ ደንበኛ ነው የምጠይቅሽ። ነርስነቱን ያዢ፤ መተዳደሪያ ነው፣ ጎበዝ ነርስም ነበርሽ። ትልልቆቹን ማሽኖች ገዢው ይውሰዳቸው፤ ደህና ይሁኑ። መጋዝሽን፣ መላጊያሽንና መሮሽን ግን ከእጁ አውጪልኝ። ዋጋው ተከፍሎ እንደሆነም ሐሳቤን ቀይሬአለሁ ብለሽ መልሺለት፤ ሰው በዚህ አይታሰርም። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ ምድጃ ፊት በምቆምበት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ለእንጨትሽ ስጪ። አንድ ወንበር ሥሪ። ለማንም አታሳዪ። ስድስት ቅዳሜ ሠርተሽ ካልጣመሽ ማገዶ አድርጊው፤ እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ምንም አላዘዝኩም።

ልኩን ወስጃለሁ፤ ከወለሉ እስከ መቀመጫው አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ ከጠረጴዛው ጋር እንዲስማማ። በመልእክተኛም ሆነ በፖስታ እንዳትልኪው፤ መንገድ ላይ ይሰበራል። ሰዓት ሠሪውን ጠይቄዋለሁ፤ ተፈታትቶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል ብሎኛል፤ እዚህ ሲደርስ መልሶ የሚገጥመው ሰው አብሮት ካለ። መቼ እንደሚደርስ አልጠይቅሽም። እኔ እንደሆነ ቅዳሜዬ ብዙ ነው።

ትናንት ማታ መሸት ሲል ግን አንድ ነገር ሆነ። አክስትሽ በቁልፉ ያኮረፈችው ወጣላት መሰለኝ፣ ከቤቷ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክማ ወረደች። አምስተኛው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። «አምስት ካልክ ይኸው አምስት! ምስኪኑ ጥበቃ ይቀመጥበት።» ወንበሩን አንሥቼ ከበሩ ውጭ አኖርኩት። ሳህኑን ሊመልስ መጥቶ የነበረው ጥበቃም «እትዬ፣ እኔ መቆም ሥራዬ ነው፤ አልደከመኝም» አላት። «ታዲያ ቦታው ለማን ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ጠረጴዛውን እየወለወልኩ ነበር፤ ያንኑ አምስተኛውን ቦታ ደግሜ ወለወልኩት። ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ምንም ሳትል፣ አክስትሽ ምንም ሳትል ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የፕላስቲክ ወንበሯን ይዛ ወጣች።

የነካሽው እንጨት ይታዘዝልሽ። ደጅሽ አይጥበብ፣ ጎንሽ ሰው አይጣ። ፈጣሪ ጣቶችሽን ይጠብቅልኝ፤ አሥሩንም።

አባትሽ